«መገናኘት አልተቻለም»፦ የአንድ መልእክት ታሪክ

አንድ ኮምፒውተር ከሌላው ጋር በሪሞት ዴስክቶፕ (የሌላውን ኮምፒውተር ስክሪን ከሩቅ በሚያሠራው ዘዴ) አልገናኝ ሲል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ተበላሸ?» ብሎ ነው። ኬብል ይነቀነቃል፣ ራውተር ጠፍቶ ይበራል፣ የአይቲ ባለሙያ ይጠራል። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው መልእክትም ብዙ አይረዳም፤ በወዲያኛው ኮምፒውተር ላይ ከሩቅ መግባት አልተፈቀደ ይሆናል፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይሆናል፣ ወይም ኔትወርክ ላይ የለ ይሆናል ብሎ ሦስት ግምት ደርድሮ ዝም ይላል። ከሦስቱ አንዱ ግን ከሌሎቹ ይለያል። መጥፋትና ከኔትወርክ መውጣት አጋጣሚዎች ናቸው፤ አለመፈቀድ ግን የሰው ውሳኔ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው። በሁለት ኮምፒውተሮች መካከል ያለው ግንኙነት ሲቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም፤ መንገዱን የዘጋው ሆን ተብሎ የተገጠመ ቁልፍ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ ደግሞ የተገጠመበት ዓመትና ያስገጠመው ምክንያት አለው። ይህን ታሪክ የማያውቅ ባለሙያ አንዱን ቁልፍ ለመክፈት ሲል በሩን ከነመቃኑ ይነቅለዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የስሌት መሣሪያን ከሩቅ ማዘዝ የተጀመረው ኮምፒውተር የሚባለው ነገር ገና ቅርጹን ሳይዝ ነው። ሴፕቴምበር 11 ቀን 1940 የቤል ላብራቶሪው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ስቲቢትዝ፣ በኒው ሃምፕሸር በሚገኘው ዳርትማውዝ ኮሌጅ ለተሰበሰቡ የሙያ ባልደረቦቹ ኒው ዮርክ የተቀመጠውን መሣሪያውን በቴሌታይፕና በስልክ መስመር እያዘዘ አሳያቸው። ጥያቄው ከአንዱ ከተማ ተጽፎ ይሄዳል፣ መልሱ በመቶዎች ከሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ተጽፎ ይመለሳል። በዚህ አሠራር ሊበላሽ የሚችለው ነገር የታወቀ ነበር፤ ወይ መስመሩ፣ ወይ ቴሌታይፑ፣ ወይ ማሽኑ። «አንተ ማን ነህ?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ መስመሩ የተዘጋጀው ለዚያ ሰው ነዋ። ያን ጊዜ «ምን ተበላሸ?» ተገቢ ጥያቄ ነበር።

ከ29 ዓመት በኋላም ቢሆን ጥያቄው ገና አላረጀም። የኢንተርኔት እናት በሆነው በአርፓኔት ላይ የተላከው የመጀመሪያ መልእክት፣ ብዙ ሰው ልብ ባይለውም፣ ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ ከሩቅ ለመግባት የተደረገ ሙከራ ነበር፤ የመጀመሪያው ሙከራም ከሸፈ። ኦክቶበር 29 ቀን 1969፣ ከምሽቱ 4:30 ሲሆን፣ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ቻርሊ ክላይን 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ወዳለው ኮምፒውተር «ሎግ ኢን» የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል በፊደል መጻፍ ጀመረ። በወዲያኛው ጫፍ ቢል ዱቫል በስልክ ይከታተላል። የመጀመሪያው ፊደል ደረሰ፤ ሁለተኛው ደረሰ፤ ሦስተኛው ሲላክ ሥርዓቱ ወደቀ። ምክንያቱ ኋላ ሲታወቅ ቀላል ሆኖ ተገኘ። የስታንፎርዱ ኮምፒውተር የትእዛዙን መጀመሪያ አይቶ የቀሩትን ፊደላት ራሱ ሞልቶ በአንድ ጊዜ ሊልክ ሲል፣ በየተራ አንዳንድ ፊደል እንዲይዝ የተመደበው የማስታወሻ ቦታ ሞልቶ ፈሰሰ። ዱቫል ቦታውን አሰፋው፤ ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ግንኙነቱ ሠራ። በዚህ ክስተት ውስጥ ዛሬ ድረስ የሚሠራበት ዘዴ አለ፤ ሁለት ሰዎች በሌላ መስመር እየተነጋገሩ «ይህ ደረሰህ? ይህስ?» ተባብለው ነገሩ የቆመበትን ቦታ ለይተዋል። ያገኙት ግን ንጹሕ ብልሽት ነበር። ሊያስቆማቸው የፈለገ ማንም የለም።

ለቀጣዮቹ ሃያ ዓመታት ከሩቅ መግባት በመተማመን ላይ የቆመ ነበር። በ1983 የመጨረሻ መልኩን የያዘው የከሩቅ መግቢያ ዘዴ ቴልኔት የተጠቃሚውን ስምና የይለፍ ቃል ምንም ሳይሸፍን በመስመሩ ላይ ይልክ ነበር፤ መስመሩን መጥለፍ የቻለ ሁሉ ያነበው ነበር። በወቅቱ ኔትወርኩ ላይ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት ስለነበሩ ይህ እንደ ነውር አልታየም። ኖቬምበር 2 ቀን 1988 ግን የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሮበርት ሞሪስ የለቀቀው ትል፣ ማለትም ራሱን እያባዛ የሚሰራጭ ፕሮግራም፣ በአንድ ሌሊት በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን አጥለቀለቀ። ትሉ ከተጠቀመባቸው መንገዶች አንዱ ኮምፒውተሮች እርስ በርስ «ይህን አምነዋለሁ» ተባብለው ያለ ይለፍ ቃል የሚገባቡበት አሠራር ነበር። በ1995 ደግሞ የሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃሎች ሲሰረቁ፣ በዚያው የነበረው ታቱ ይሎነን ግንኙነቱን ሁሉ በምስጢር ጽሑፍ የሚሸፍነውን ኤስ ኤስ ኤች ጻፈ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ የደኅንነት ቁልፍ የተገጠመው ብዙ ጊዜ ከስርቆቱ በኋላ ነው። የግንኙነት ችግር ትርጉሙን የለወጠውም ከዚህ ወዲያ ነው፤ አልገናኝ ማለት ብልሽት ብቻ መሆኑ ቀርቶ የጥበቃ ምልክትም ሆነ።

ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የምናውቀው የዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። የቀድሞው የአይቢኤም ሠራተኛ ኤድ ያኮቡቺ በ1989 ያቋቋመው ሲትሪክስ፣ በአንድ ዊንዶውስ ላይ ብዙ ሰዎች በየራሳቸው ስክሪን የሚሠሩበትን ዘዴ አበጀ። ማይክሮሶፍት በ1997 ቴክኖሎጂውን በፈቃድ ወስዶ በ1998 የዊንዶውስ ኤን ቲ 4.0 ተርሚናል ሰርቨርን አወጣ፤ አር ዲ ፒ የሚባለው የግንኙነት ቋንቋና የሚያልፍበት የቁጥር በር፣ ፖርት 3389፣ ለብዙው ሰው የተዋወቁትም በዚሁ ነው። በ2001 ዊንዶውስ ኤክስፒ ሲወጣ ነገሩ ከሰርቨር ክፍል ወጥቶ ተራ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ፤ ግን በፕሮፌሽናሉ እትም ላይ ብቻ። የቤት እትም የተጫነበት ኮምፒውተር ወደ ሌላ መግባት ይችላል፣ ሌላውን ማስገባት ግን አይችልም፤ ይህ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ሰርቨር ላይም ለአስተዳደር ሥራ ሁለት ሰው ብቻ በነፃ ይገባል፤ ከዚያ በላይ ሲፈለግ ፈቃድ ይገዛል። የፈቃድ ሰርቨር ሳይዘጋጅ ከቀረ ሁሉም ነገር ለ120 ቀን እንደ ልብ ይሠራል፣ ከዚያ አንድ ጠዋት ተጠቃሚዎች መግባት ያቅታቸዋል። በዚያ ጠዋት ኬብል የሚነቀንቅ ባለሙያ ትናንት የተለወጠ ነገር ይፈልጋል፤ ምክንያቱ ግን ከአራት ወር በፊት የተቆጠረ ቀን ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማመን ይገባል፤ ቁልፍ ሁሉ ለደኅንነት የተገጠመ አይደለም። አንዳንዱ የንግድ ቁልፍ ነው። ያም ሆኖ ውሳኔ እንጂ ብልሽት አይደለም።

የአድራሻው ጉዳይም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያዎቹ የኔትወርኩ ተጠቃሚዎች የኮምፒውተሮችን ስም ከአንድ የጋራ ዝርዝር ፋይል ላይ ያነቡ ነበር፤ ዝርዝሩ ከመጠን በላይ ሲሰፋ በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉመውን ዲ ኤን ኤስ ነደፈ። ዛሬ በስም አልገናኝ ያለ ኮምፒውተር በአይፒ አድራሻው ከተገናኘ ችግሩ የመንገዱ ሳይሆን የዚህ መዝገብ ነው፤ ይህ ፍተሻ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ቀጥሎ የአድራሻው ቁጥር ራሱ አነሰ። 4.3 ቢሊዮን ያህል አድራሻ ለዓለም እንደማይበቃ ሲታይ፣ በ1994 ብዙ ኮምፒውተሮች በአንድ አድራሻ ከኋላ ተሸሽገው የሚወጡበት ናት የሚባለው ዘዴ ታተመ፤ በ1996 ደግሞ እንደ 192.168 ያሉት የውስጥ አድራሻዎች የመጨረሻ ድንጋጌያቸውን አገኙ። ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው ከዚያ በኋላ፣ በ1997 ነው። ስለዚህ የእኛ አገር ተጠቃሚ እንደ ብዙው የዓለም ሕዝብ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ በቀጥታ የሚጠራ አድራሻ በእጁ የለውም። በአንድ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ሪሞት ዴስክቶፕ ከቤት ሲሞከር እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። ወደ ውጭ መውጣት ለሁሉም ክፍት ነው፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ለሚመጣው ግን ራውተሩ ለማን እንደሚያደርሰው አያውቅም። ናት ሲነደፍ ዓላማው አድራሻ መቆጠብ ብቻ ነበር፤ በር ጠባቂ የሆነው ሳይታሰብ ነው።

ሆን ተብሎ የተቀጠረው በር ጠባቂ ፋየርዎል ነው። ኤክስፒ ሲወጣ ፋየርዎል ነበረው፣ ግን ጠፍቶ ነበር የሚመጣው። በኦገስት 2003 ብላስተር የተባለው ትል ማንም ምንም ሳይከፍት፣ ኔትወርክ ላይ በመሆናቸው ብቻ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን እያዳረሰ እየዘጋ ሲያስነሣቸው ማይክሮሶፍት ትምህርቱን ወሰደ፤ በኦገስት 2004 የወጣው የኤክስፒ ሁለተኛ ማሻሻያ ጥቅል (ሰርቪስ ፓክ) ፋየርዎሉን በራሱ አብርቶ መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ፍተሻ የነበረው ልማድ ሁሉ ተናጋ። የአሜሪካ ጦር ላብራቶሪ ባልደረባ የነበረው ማይክ ሙስ በዲሴምበር 1983 የጻፈው ፒንግ ለሃያ ዓመት ያህል የባለሙያው የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር፤ «አለህ?» ሲባል «አለሁ» የሚል መልስ ካልመጣ ኮምፒውተሩ የለም ማለት ነበር። አዲሱ ፋየርዎል ግን ለፒንግ መልስ መስጠትን ከልክሎ መጣ። አሁን ዝምታ ሁለት ትርጉም አለው፤ የለም፣ ወይም አለ ግን አይናገርም። ፒንግ ስላልመለሰ ብቻ «ኮምፒውተሩ ጠፍቷል» ብሎ የሚደመድም ሰው በ1983 ሕግ የ2004ን ቤት እየፈተሸ ነው። የሚሻለው ፖርት 3389ን ራሱን መጠየቅ ነው። ለዚህ ሥራ ባለሙያዎች ለብዙ ዓመት የተጠቀሙት በዚያው በጡረተኛው ቴልኔት ነበር፤ መግቢያነቱ ቀርቶ ማንኳኪያ ሆነ።

በሩ ተከፍቶም ነገሩ አያልቅም፤ የሚቀጥለው ጥያቄ ማንነት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ሰርቨሩ ላንኳኳ ሁሉ ሙሉ የመግቢያ ስክሪን አዘጋጅቶ ያቀርብ ነበር፤ ማንነቱን የሚጠይቀው ካስገባው በኋላ ነው። ይህ አቅም ያባክናል፣ ለአጥቂም እግር ማስገቢያ ይሰጣል። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኤን ኤል ኤ የተባለው አሠራር ቅደም ተከተሉን ገለበጠው፤ መጀመሪያ ማንነትህን አረጋግጥ፣ ስክሪን ኋላ ይመጣል። ከዚህ ግልበጣ የሚወለዱ ችግሮች አሉ፤ ያለ ታሪኩም እንቆቅልሽ ይመስላሉ። አዲስ ለተቀጠረች ሠራተኛ አካውንት ይከፈትላታል፤ በመጀመሪያ መግቢያዋ የይለፍ ቃሏን እንድትቀይርም ይታዘዛል። ከሩቅ ስትሞክር አይገባላትም። የይለፍ ቃሉን መቀየር የምትችለው ስክሪኑ ላይ ነው፤ ስክሪኑ የሚመጣላት ደግሞ የይለፍ ቃሉ ካለፈ በኋላ ነው። ሁለቱም ደንቦች በየራሳቸው ትክክል ናቸው፤ ሲገናኙ ግን ሠራተኛዋን መሃል ላይ አቆሟት። የይለፍ ቃል የሌለው አካውንትም ከኤክስፒ ጀምሮ በጠረጴዛው ላይ እንጂ ከሩቅ አይገባም፤ ይህም ሳይታወቅ ስንት ሰዓት እንደሚያባክን ሥራው ውስጥ ያለ ሰው ያውቀዋል።

የሰዓት ነገር ደግሞ ለእኛ የተለየ ቅርበት አለው። ዊንዶውስ ከ2000 እትሙ ጀምሮ በመሥሪያ ቤት ኔትወርክ ላይ ማንነትን የሚያረጋግጠው በኤም አይ ቲ የተሠራውን ኬርበሮስ ተጠቅሞ ነው። ኬርበሮስ የሚሰጠው የመግቢያ ትኬት በሌላ ሰው ተጠልፎ ተመልሶ እንዳይቀርብ የሰዓት ማኅተም አለበት፤ በዊንዶውስ የተለመደው ደንብ የሁለቱ ኮምፒውተሮች ሰዓት ከ5 ደቂቃ በላይ እንዳይለያይ ያዛል። የእናት ሰሌዳው ባትሪ ያለቀበት አሮጌ ኮምፒውተር ወደ ጥንት ዓመተ ምሕረት ተመልሶ ሲነሣ የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ በር የሚዘጋበት ለዚህ ነው። ይበልጥ የሚያደናግረው ሰዓቱ ለዓይን ትክክል ሲመስል ነው። ዊንዶውስ የኢትዮጵያን የሰዓት ክልል የሚያውቀው በናይሮቢ ስም ነው። ክልሉን በሌላ ትቶ መርፌውን በእጅ ያስተካከለ፣ ወይም ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሁለት እንዲያሳየው ብሎ በአገርኛው አቆጣጠር የሞላ ሰው፣ ለዓይኑ ያማረ ለኬርበሮስ ግን በሰዓታት የተዛባ ኮምፒውተር አበጅቷል። ማሽኑ አልተበላሸም፤ ሌባን ለመከላከል የተጻፈ ደንብ ንጹሑን ሰው ያዘው።

ለዚህ መከራከሪያ ከሁሉ የጠነከረው ማስረጃ የ2018 ክስተት ነው። በማርች ወር ማይክሮሶፍት ክሬድ ኤስ ኤስ ፒ በተባለው የማንነት ማስተላለፊያ ላይ የተገኘውን ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት አወጣ፤ ግን ለጊዜው አላስገደደም። ሜይ 8 ቀን የወጣው አፕዴት አስገደደ፤ የታደሰ ኮምፒውተር ካልታደሰ ሰርቨር ጋር በሪሞት ዴስክቶፕ አልገናኝም አለ። በማግሥቱ በየአገሩ ትናንት ሲሠራ የዋለ ግንኙነት ቆመ። ኬብሉ ደኅና፣ ፖርቱ ክፍት፣ የይለፍ ቃሉ ትክክል። የሆነው ነገር ቢኖር አንዱ ወገን ጠንቃቃ ሲሆን ሌላው ወደ ኋላ መቅረቱ ነው። ትክክለኛው መፍትሔ ሰርቨሩን ማደስ ነበር፤ ብዙ ቦታ የተደረገው ግን የታደሰውን ኮምፒውተር ጥንቃቄውን እንዲተው ማድረግ ነው። ግንኙነቱ ተመለሰ፤ ቀዳዳውም አብሮ ተመለሰ።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው «ነገር አታክብድ፤ ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ወይም ኬብሉ ተነቅሎ ነው» የሚለው ነው። እውነት አለው፤ ፍተሻ ከኬብልና ከመብራት መጀመር አለበት፣ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ደግሞ ይልቁንም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ችግር ሄዶ በማየት ወይም በአንድ ስልክ የሚታወቅ ነው፤ ቀኑን የሚበላው ሁሉም በርቶ ሁሉም ተሰክቶ ሳለ የሚመጣው እምቢታ ነው። ጠፍቷል ከሚባለውም ብዙው በራሱ ያንቀላፋ ነው፤ ይህም ኃይል ለመቆጠብ የተወሰነ ውሳኔ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ «ቲምቪወርና መሰሎቹ ይህን ሁሉ አስቀርተውታል» ይላል። እነዚህ አገልግሎቶች ሁለቱም ወገኖች ወደ ውጭ ደውለው መሃል ላይ እንዲገናኙ ስለሚያደርጉ የናትንና የፋየርዎልን ጣጣ በእርግጥ ያቃልላሉ። ቁልፉ ግን አልጠፋም፤ ቦታ ለወጠ እንጂ። ቀድሞ የራስህ ራውተር ላይ የነበረው እምነት አሁን የመሃለኛው ድርጅት ዘንድ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የሚከብደው ነው። ሠላሳ ሰው ሥራ ፈትቶ ሲጠብቅ ባለሙያው የሚያስፈልገው የታሪክ ትምህርት ሳይሆን ቶሎ የሚሠራ ዘዴ ነው፤ ፋየርዎሉን ማጥፋት፣ ኤን ኤል ኤን ማንሣት፣ ፖርት 3389ን ከራውተሩ በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት መክፈት ደግሞ ይሠራሉ። አዎን፣ ይሠራሉ። በሜይ 2019 ብሉኪፕ የተባለው ቀዳዳ ሲገለጥ ግን የዚህ ፍጥነት ዋጋ ታየ። ቀዳዳው በአሮጌ የዊንዶውስ እትሞች ሪሞት ዴስክቶፕ ላይ ያለ ይለፍ ቃል መግባት የሚያስችል ስለነበር፣ ማይክሮሶፍት ድጋፉ ከአምስት ዓመት በፊት ለተቋረጠው ለኤክስፒ ሳይቀር መድኃኒት አወጣ። ባልታደሰ ኮምፒውተር ላይ ጉዳቱን ይቀንስ የነበረውም ኤን ኤል ኤ ነው፤ በርቶ ከሆነ አጥቂው መጀመሪያ ትክክለኛ የይለፍ ቃል ያስፈልገዋል። «ያስቸግራል» ተብሎ የተነሣው ቁልፍ የሚያስፈልገው ቁልፍ ሆኖ ተገኘ። በቀጣዩ ዓመት የኮቪድ ወረርሽኝ ሰውን ሁሉ ከቤት እንዲሠራ ሲያደርግ በየአገሩ ቁጥራቸው የበዛ ኮምፒውተሮች በሪሞት ዴስክቶፕ ለኢንተርኔት ተጋለጡ፤ ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ወንበዴዎችም በዚሁ መንገድ መግባትን ሥራዬ ብለው ያዙት።

ጊዜ አጥሮኛል ለሚል ባለሙያም ታሪኩ ጊዜ ቆጣቢ ነው። ስሙ ይተረጎማል? አድራሻው ይደረሳል? ፖርቱ ይመልሳል? ማንነቱ፣ ሰዓቱን ጨምሮ፣ ይረጋገጣል? ፈቃድና መብት አለ? እነዚህን አምስት ጥያቄዎች በዚሁ ቅደም ተከተል የጠየቀ ሰው የትኛው ቁልፍ እንደዘጋበት በደቂቃዎች ውስጥ ያውቃል፤ ዱቫልና ክላይንም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ የደረሰውን እያረጋገጡ ያልደረሰው ጋ መቆም። የዘጋውን ቁልፍ ካወቀ በኋላ እሱን ብቻ፣ ለሚገባው ሰው ብቻ ይክፈት፤ ለችኮላ ሲባል ያጠፋው ነገር ካለም ከመሄዱ በፊት መልሶ ያብራ። መሥሪያ ቤቶችም ባለሙያቸውን «በስንት ደቂቃ አገናኘህ?» ብለው ብቻ አይመዝኑት፤ «ምን ከፍተህ ሄድክ?» ብለውም ይጠይቁት።